ያበዛሁት መድኃኒት

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ልቤ አያርፍምና ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ። ስሙ ይባረክ!

ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን ጌታን ገና አላውቀውም ነበር፤ የምተማመነው በእጄ ነበር።

አያ ደምሌ የሚባሉ ገበሬ ከአዲ አርቃይ መጡ። አፍንጫቸው ውስጥ ሥጋ በቅሎ ትንፋሽ ከልክሏቸዋል። በዚህ ቀዶ ጥገና ትንሽ ደም እንኳ የሐኪሙን ዓይን ይጋርዳል። ስለዚህ የደም ግፊትን ዝቅ አድርጎ መድማቱን የሚቀንስ መድኃኒት እንሰጣለን። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ነው። እኔ ግን ሳልመዝናቸው በዓይኔ ገመትኩ።

ሐኪሙ "ደሙ አላሳይ አለኝ" ሲል ደግሞ ጨመርኩ። ልባቸው እየዘገየ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ።

ደረታቸውን እየተጫንኩ "ኢየሱስ ሆይ፣ እኚህን ሰው አትርፍልኝ" አልኩ። እስከዚያ ቀን ስሙን የምጠራው ለመሐላ ብቻ ነበር። ልባቸው ተመለሰ። ሃሌ ሉያ! ቀዶ ጥገናው ግን ተቋረጠ።

ቅዱሳን፣ ወዲያው ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ካርዱ ላይ "መድኃኒቱ አልተስማማቸውም" ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አነሳሁ። አብራኝ የምትሠራው ነርስ ብርሃኔ አማኝ ናት። "አሁን የለመንከው ጌታ የምትጽፈውን አያይም?" አለችኝ።

እውነቱን ጻፍኩ። በማግስቱ አልጋቸው አጠገብ ቆሜ፣ "አያ፣ መድኃኒቱን ያበዛሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"ምነው ሳትመዝነኝ?" አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በዚያ እሑድ ከብርሃኔ ጋር እዚህ መጥቼ ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ።

ከወራት በኋላ አያ ደምሌ ተመለሱ። ሌላ ባለሙያ ተመድቦላቸው ነበር። "የለም፣ ያ ጥፋቱን የነገረኝ ልጅ ያስተኛኝ" አሉ።

መዘንኳቸው። መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ እየሰጠሁ ዓይኔን ከልብ ምታቸው ላይ አልነቀልኩም። ሐኪሙ "ሸጋ ነው፣ አሁን በደንብ ይታየኛል" ሲለኝ መጨመሩን እዚያው ላይ አቆምኩ። የፈሰሳቸው ደም ጥቂት ነበር። አፍንጫቸው ውስጥ የተደረገው ጥጥ ሲወጣ ረጅም ትንፋሽ ስበው ሳቁ። ክብር ለጌታ!

ዛሬም በዚያው ሥራ ላይ ነኝ፤ ስለዚያች ቀን አመሰግነዋለሁ። ከመካከላችሁ የደበቀው ጥፋት እንቅልፍ የነሣው ካለ ለጌታ ይንገረው፤ ቀጥሎም ሄዶ ለበደለው ሰው ይንገረው። እኔን ያልጣለኝ ጌታ እሱንም አይጥለውም።