በስንዝር ያጠረው ጉድጓድ

ባለቤቴ ዓብዱልፈታሕ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ግትር ሰው ነበር። ይህን የምለው ሞቶ ስለማይሰማኝ አይደለም፤ በሕይወት እያለም ፊት ለፊት እለው ነበር። ከወሎ ስንመጣ በቅሏችን መንገድ ላይ ሞተችብንና ያለንን እየጣልን መሄድ ግድ ሆነ። እኔ ልብሴንና ድስቴን ጣልኩ። እሱ የሽመና ዕቃውን በጀርባው አዝሎ ሸዋ ገባ። ድስት የሌለው ቤት ውስጥ ገብተን የመጀመሪያውን ሳምንት በጎረቤት ድስት ስንቀቅል፣ እሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ድሩን ይወጥር ነበር። እስኪ አሁን ይህ ሰው ነው?

የተቀመጥነው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች ነው። እኔ እፈትላለሁ፣ እሱ ይሸምናል። ሸማኔ ሲሠራ እግሩን የሚያወርድበት ጉድጓድ አለው፤ መርገጫዎቹም እዚያው ውስጥ ናቸው። ይህ ጉድጓድ እንደ ጫማ ነው፣ የሰው ለሰው አይሆንም። ከጠለቀ እግር መርገጫው ላይ አይደርስም፤ ካጠረ ጉልበት ወደ ደረት ይወጣል፣ ጨርቁም ይሳሳል። ዓብዱልፈታሕ ጉድጓዱን በማንም አስቆፍሮ አያውቅም። ቢስሚላህ ብሎ ራሱ ይቆፍራል፣ ገብቶ ይለካል፣ ወጥቶ እንደገና ይቆፍራል።

ያን ጊዜ ሸማኔ የተናቀ ነበር። «ቁጢት በጣሽ» ብሎ የሰደበን ሰው እሑድ ጠዋት ባሌ የሠራውን ነጠላ አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። እኔ በሽቄ እሞታለሁ። እሱ ግን «ተያቸው፣ ብቻ ይልበሱት» ነው የሚለው።

ሰድበውን የማያውቁት ጎረቤታችን እትዬ ጀማነሽ ናቸው። ባላቸው የሞተባቸው፣ ጠና ያሉ፣ ደርባባ ሴት ነበሩ። በየወሩ ከቤት ቤት የሚዞር የጽዋ ማኅበር ነበራቸው። ከጽዋው ጋር አንድ የብራና መጽሐፍ አብሮ ይዞራል። ሥዕል አለበት። ከኋላ ባሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ ደግሞ ማኅበሩን ያቆሙት ሰዎች፣ የልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ስም በጥቁርና በቀይ ቀለም ተጽፏል። የሞተውን በየወሩ ከዚያ እያነበቡ በስሙ ይጠሩታል። የማኅበሩ ታሪክ በሙሉ ያ ነው፣ ሌላ የላቸውም።

በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት፣ ጣሊያን ከተማውን የፈጀበት ያ ሦስት ቀን መጣ። ስለሱ ብዙ አላወራም። ከማኅበሩ ሰው ግማሹ አለቀ፤ የብዙዎቹ ሬሳ እንኳ አልተገኘም። ከመጽሐፉ በቀር ስማቸው የተቀመጠበት ቦታ የለም። የወሩ ተረኛ እትዬ ጀማነሽ ስለነበሩ መጽሐፉ እሳቸው ዘንድ ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን አሮጌ ነገር መሰብሰብ ጀመረ፤ መስቀል፣ ጋሻ፣ ብራና፣ ያገኘውን። ለሙዚየም ነው አሉ። ሰውየውን ገድሎ ዕቃውን በመስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ጉድ እንደሆነ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የደበቀ ይሰቀላል ተብሎ ታወጀ፤ ሁለት ሰው ደግሞ ሰቅለው አሳዩን።

እትዬ ጀማነሽ በጠራራ ፀሐይ ቅርጫት ይዘው መጡ። ከላይ ባዘቶ፣ ከሥር ትንሽ የእንጨት ሳጥን።

«ዓብዱልፈታሕ ወንድሜ፣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ፍለጋ እስላም ቤት የሚመጣ የለም። ይህን ያዝልኝ» አሉት።

እኔ ገና አፌን ስከፍት እሱ ሳጥኑን ተቀብሏል። «አማና ነው፤ በእጅዎ እመልሰዋለሁ» አላቸው።

ከሄዱ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም። እኛ ስደተኞች፣ ዘመድ የለን፣ ምን ቤት ነን እያልኩ ሳለቅስ እሱ ከጉድጓዱ አጠገብ መሬቱን እየቆፈረ ነበር። «አማና የተቀበለ መመለስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም» አለኝ። በቃ፣ እሱ ይህን ካለ አለቀ።

እስላም ቤት አይመጡም የተባለው ግን ለሁለት ወር ብቻ ነው የሠራው። ከዚያ የጣሊያን ወታደሮች፣ ሶላቶዎቹ፣ ረጅም ብረት ይዘው የሁሉንም ቤት ወለል እየወጉ መጡ። ከእኛ በላይ ያለችውን የአሚናን ቤት ምድጃዋን ሳይቀር አፈረሱት። በዚያው ሳምንት ዓብዱልፈታሕ ተጠራ።

ዛሬ ካዛንቺስ በምትሉት በኩል ለሹማምንታቸው ቤት እየሠሩ ነበር። እዚያው ዳር ላይ አንድ ጣሊያን ሲኞር ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ አቁሟል። መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ነው፤ አይቆጣም፣ አይማታም። አለመቆጣቱ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። አዳራሹ ውስጥ በአንድ ወገን ከየሰዉ የተለቀሙት መስቀሎችና መጻሕፍት በመስታወት ተቀምጠዋል። በሌላው ወገን ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭና ሸማኔ በገመድ ታጥረው ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፤ ነጮቹ ከነልጆቻቸው እየመጡ ያዩዋቸዋል። ሸማኔው እንግዲህ የእኔ ባል ሆነ።

መሣሪያውን ጠቅልሎ ሲሄድ እኔው ነኝ ከላይ ያሰርኩለት፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን አልነገረኝም። ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ማግ ይዤለት ስሄድ ነው። ጨርቁን በእጄ ዳሰስኩት፤ ወንፊት ነው። ዓብዱልፈታሕ እንዲህ ያለ ጨርቅ ሠርቶ አያውቅም። ቀና ብዬ ሳየው ጉልበቱ ደረቱ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

«ምነው፣ ጉድጓድህ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ዝም በይ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገህ ነው?»

«ሥሩ አለት ነው፤ ከዚህ በላይ አልቆፈር አለኝ። ሳጥኑ ከእግሬ በታች ነው። ቤት ለቤት እየፈተሹ የራሳቸውን አዳራሽ አይፈትሹም።»

ጎበዝ፣ ሌባው ቤት ውስጥ ዕቃ ይደበቃል? ግን ምን አደርጋለሁ፣ ማጉን ሰጥቼው ወጣሁ። ሽመና ለማያውቅ ሰው ጉልበትን አጥፎ መቀመጡ የሥራው ደንብ ይመስለዋል፤ ያንን እያሰብኩ ራሴን አጽናናሁ።

አስተርጓሚው አምኃ ይባላል። ክራባት አሥሮ፣ ጸጉሩን ተቀብቶ፣ ከሲኞሩ ኋላ ኋላ የሚል ወጣት ነው። አንድ ቀን ከገመዱ ማዶ ቆሞ ሲያየን ቆየና «ጉድጓድህ በስንዝር አጥሯል» አለው ዓብዱልፈታሕን።

ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም ሳይጨምር ሄደ። ባለክራባት ከየት ያውቃል? ኋላ ሳጠያይቅ ነው የሸማኔ ልጅ መሆኑን የሰማሁት፤ አባቱ ሸማኔ መሆኑን ደብቆ ነው የኖረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ባሌ እስኪመጣ ድረስ ደጅ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። አምኃም በየቀኑ እየመጣ ይቆማል፣ ጉድጓዱን ያያል፣ ይሄዳል። ለምን እንደማይናገር ግራ ገባን። ዋጋውን እያስወደደ ነው ብዬ አሰብኩ።

አንድ ሐሙስ ልቃቂት ይዤ ሄጄ ከባሌ አጠገብ ተቀምጫለሁ። አምኃ መጣና አጎንብሶ ጨርቁን የሚመለከት መሰለ።

«አባባ፣ ነገ ጠዋት ወለሉን ሲሚንቶ ያፈሱበታል፤ ጉድጓዱንም ጭምር። አሁን ዘበኛው ምሳ ሲሄድ በሩ ላይ እኔ እቆማለሁ። ያስቀመጡት ነገር ካለ ዛሬ ያንሱት» አለ።

እስከዚያ ቀን «አንተ» ሲለው የነበረ ሰው ነው። ድንገት «አባባ» ሲል ጠረጠርኩት።

«ምንም ያስቀመጥነው የለም ጌታዬ» አልኩ እኔ ቀድሜ።

አየኝና ወደ በሩ ሄደ። ዘበኛው ወጣ። ዓብዱልፈታሕ ድሩን ፈቀቅ አድርጎ እጁን ወደ ጉድጓዱ ሰደደ። ያዝኩት።

«አትንካው! ስታወጣ ሊይዝህ ነው። ባንዳ መቼ ለሰው አስቦ ያውቃል?»

«ራሂማ፣ ልጁ እውነቱን ቢሆንስ?»

«ቢሆንስ ባይሆንስ፣ እኔን መበለት ልታደርገኝ ነው?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? የተሰቀሉትን ሁለት ሰዎች አይቻለሁ። እጁን በሁለት እጄ ጨምቄ ይዤ አልለቅም አልኩ። ያ ግትር ሰው፣ በዕድሜው አንድ ቀን፣ እኔን ሰማ። አምኃ ጀርባውን ሰጥቶን በሩ ላይ ቆሟል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላለም። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃዋን አቡክታ ጨረሰች። ዘበኛው ተመለሰ።

ዓርብ ጠዋት ሲሚንቶው መጣ።

እኔም ሄጃለሁ፣ ማን ያስቀምጠኛል። ሲኞሩ ደስ ብሎታል። ለሸማኔያችን ጉድጓዱን እናሳምርለት አለና የባሌን እግር በሜትር ለካ። ጉድጓዱንም ለካ። በስንዝር ያጥራል። «ዝቅ ይበል» ብሎ አዘዘ፣ ሠራተኛው ዶማውን አነሣ።

ዓብዱልፈታሕ ጉድጓዱ ውስጥ ዘሎ ገባ። «ልኬ ነው! ይህ ነው ልኬ!» አለ። ስለ ሙያው ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ጉልበቱ ደረቱ ላይ ሆኖ፣ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ፣ ልኬ ነው ይላል። ሲኞሩ ወደ አምኃ ዞረ። አምኃ በጣሊያንኛ ረጅም ነገር አወራ፣ ባሌ ከተናገረው አሥር እጥፍ። እያወራ ፊቱ ደም መሰለ። ምን እንዳለ አላውቅም፤ ብቻ ሲኞሩ ሳቀና እጁን አወዛወዘ። ሠራተኛው ዶማውን ሳይቆፍርበት አስቀመጠ። ትኩሱን ኖራና ሲሚንቶ በጉድጓዱ ሥርና ግድግዳ ላይ ሲያፈሱት ባሌ አጠገቡ ቆሞ አየ።

ስለዚህ የአምኃ ቃል ወጥመድ አልነበረም። ይህን የተረዳሁት እዚያው ቆሜ ነው።

አምኃን ከዚያ ወር በኋላ አላየነውም፤ ወደ ሌላ አገር ላኩት አሉ። ዓብዱልፈታሕ ግን አራት ዓመት እዚያ ሲሚንቶ ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ ሸመነ። መጀመሪያ ቁርጥማት ያዘው፣ ኋላ እግሩ አልዘረጋ አለ። «የዓብዱልፈታሕ እጁ ጠፋ፣ ጨርቁ ወንፊት ሆነ» እያሉ ሰዎች ሥራ መስጠት ተዉ። እትዬ ጀማነሽ በየበዓሉ እየመጡ ስለ ሳጥኑ «ደኅና ነው?» ይሉታል። «ደኅና ነው» ይላቸዋል።

በሠላሳ ሦስት ጣሊያን ሲወጣ አዳራሹን ወና ጥለውት ሄዱ፤ በመስታወት ውስጥ የነበረውን ጠራርገው ወስደዋል። ባሌ በምርኩዝ እያነከሰ፣ እትዬ ጀማነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እኔ ዲጅኖውን ተሸክሜ ሄድን። በሰው ላስመታልህ ስለው እምቢ አለ፤ መሬት ተቀምጦ ሲሚንቶውን ራሱ ሰበረው።

ሳጥኑ በስብሷል። ኖራው ገና በትኩሱ ገብቶ ብራናውን አቃጥሎታል። መጽሐፉ አንድ ድርቅ ያለ ቁራጭ ሆኖ ወጣ። እትዬ ጀማነሽ ተሳለሙት። ከኋላ በኩል፣ ስሞቹ ባሉበት፣ በጥፍራቸው ሊከፍቱት ሞከሩ። አልተከፈተም። ሲጫኑት እንደ ደረቀ ቂጣ ተሸረፈባቸውና እጃቸውን ሰበሰቡ።

ባሌ ማልቀስ ጀመረ። እሱ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ተው እንጂ ዓብዱልፈታሕ። በእጅዎ እመልሰዋለሁ አልክ፣ መለስክ። ሰው ነፍሱን ሰጥቶ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?» አሉት።

አንድ ነገር ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። እኔን አየኝ። አፉን ዘጋ። እስኪሞት ድረስም አልተናገረም፤ እቤትም ለብቻችን ሆነን አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ጀማነሽ ከዚያ በኋላ የጠፉትን ስሞች ከሰው አፍ መልቀም ያዙ። የቀሩት የማኅበሩ ሰዎች ያረጁ ናቸው፤ አንዱ የአባቱን ስም ያስታውሳል፣ የአያቱን ይረሳል። የሚያስታውሰውም በየዓመቱ እየቀነሰ ሄደ። እትዬ ጀማነሽ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ እንኳ ደጄ ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እየቆሙ ይጠይቁኛል።

«ራሂማ ልጄ፣ ከታች ቤት የነበረው ያ ረጅሙ ሰውዬ፣ ያ በየካቲት የሞተው፣ ስሙ ማን ነበር?»

አንዳንዴ ትዝ ይለኛል፣ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዴ ትዝ አይለኝም። መጽሐፉን የምናወጣበት አንድ ሙሉ የምሳ ሰዓት እንደነበረን ግን ሳልነግራቸው ሞቱ።