ጥሩ የሚሸት ውሃ

ጠዋት ስነሳ ሳሎን ያለው የዓሣ ገንዳችን አረፋ በአረፋ ሆኗል። ዓሣዎቹ አፋቸውን ከፍተው ላይ ላዩን ይዋኛሉ። ጥፋቱ የፓምፑ መስሎኝ ፈትቼ አጠብኩትና መልሼ ሰካሁት፤ አረፋው ባሰበት። መስታወቱን ሸፍኖት የነበረው አረንጓዴ አልጌ ደግሞ የለም። ጎንበስ ብዬ ሳሸተው የልብስ ሳሙና ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ አጎቴ ኦሞድ ከባሮ ወንዝ ያጠመዳቸውን አምባዛ ዓሣዎች፣ ገበያ እስኪወስዳቸው ጓሮ ባለው በርሜል ውስጥ በሕይወት ያቆያቸው ነበር። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። የበርሜሉ አረንጓዴ ልጋግ አስጠላኝና፣ እሱንም ላስደስት ብዬ፣ ዓሣዎቹ እንዳሉበት ውስጡን በሳሙና ፈተግኩት። አጎቴ ሲመለስ እጁን አረፋው ውስጥ ነክሮ አሸተተ። አማርኛ የለመደው ካደገ በኋላ ስለነበር ቃላቱን እየመረጠ፣ «ውሃ መጥፎ ሲሸት ዓሣ አለ። ይሄ ጥሩ ይሸታል» አለኝ።

ያመሰገነኝ መስሎኝ ሳቅኩ። አረፋውን በእጁ ገፋ ሲያደርገው አምባዛዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል።

ከሳሎኑ ገንዳ ዞር ስል ልጄ ስፖንጅ ይዛ ቆማለች።

«እማዬ፣ አሁን ጥሩ አይሸትም?»

«ይሸታል» አልኳት። «ሩጪ፣ ንጹህ ውሃ በባልዲ አምጪ!»