ጀርባዬን ለወንዙ ሰጥቼ

ውሃ በሰው ራስ ላይ ሲገጥም የሚያሰማው አጭር ድምፅ አለ፤ አሁን በምኖርባት የባሕር ማዶ ከተማ፣ ኧርቪንግ ውስጥ በምሠራበት የሴቶች የመንጻት ገንዳ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይመለስብኛል። እናቴ ጠፍጣፋው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ቆማ ነጠላ ዘርግታ ይዛለች። የአባቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ስንዱ፣ እስከ አንገቷ ውሃው ውስጥ ናት። እኔ ከሁለቱም በላይ፣ ወደ መንደራችን የሚያወጣው መንገድ ከሚታይበት ከወይራው ሥር፣ ጀርባዬን ለወንዙ ሰጥቼ ቆሜያለሁ። ሌላ ሰው አልነበረም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ብዬ ነበር።

እኛ ጎንደር ገጠር ውስጥ የምንኖር ቤተ እስራኤላውያን ነበርን። ሰንበት ከመግባቱ በፊት ሴቱም ወንዱም በየተራው ወንዝ ወርዶ ይጠልቅ ነበር፤ ከገበያ የተመለሰ ሰውም ሳይታጠብ መንደር አይገባም ነበር። ሴቶች ሲወርዱ አንዲት ልጅ መንገዱን ትጠብቅላቸው ነበር፣ አሥር ዓመት ከሞላኝ ጀምሮ ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ። በበጋ ውሃው ስለሚሳሳ መንገዱ አጠገብ እስካለው ጥልቅ ቦታ ድረስ ይወርዱ ነበርና ሥራዬ ይከብድ ነበር። መልሴን ሳትሰማ ከውሃው የምትወጣ ሴት አልነበረችም።

«መንገዱ እንዴት ነው?» ትለኝ ነበር አክስቴ።

«ማንም የለም!»

«ጅብስ?»

«ጅብም የለም፣ እታለም።»

«መልከ መልካም ወንድስ?»

«ስንዱ! አፍሽን ሰብስቢ፣ ልጅ ትሰማለች» ትላት ነበር እናቴ፣ የራሷን ሳቅ እየዋጠች።

አክስቴ ባሏ በወባ ሞቶባት ወደ እኛ ቤት የተመለሰች ሴት ነበረች። እኔ እህት አልነበረኝም፤ አንድ መደብ ላይ አብረን እንተኛ ነበር፣ ጸጉሬን የምትሠራኝም እሷ ነበረች።

ክረምት ገብቶ ዝናቡ ቤት ሲያውለን እናቴ ሕጉን ታስተምረኝ ነበር። «ጀርባ መስጠት ብቻ አይበቃም» ትለኝ ነበር እህል እየለቀመች፣ «በልብሽም እንዳታያቸው። የሰውን ገላ በሐሳብ መግለጥ ነጠላውን ከላዩ እንደ መግፈፍ ነው።» ይህ ከበደኝ። አታስቢ ስለተባልኩ ብቻ፣ ከኋላዬ ውሃው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሐሳቤ ወደዚያ ይሄድብኝ ነበር። ስለዚህ የራሴን ዘዴ አበጀሁ፤ ዓይኖቼን ጨፍኜ፣ በሁለት እጄ ሸፍኜ፣ አባቴ ጠዋት ጠዋት የሚደግመውን ጸሎት በልቤ እደግም ነበር። ሲጠሩኝ ገልጬ መንገዱን አያለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ደግሞ እጨፍናለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ከመንደሩ ልጆች ሁሉ ንጹሕ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጠራ አክስቴን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ሊያገባት የጠየቀው ሰው ታላቅ ወንድም ቀይ በቅሎውን አጥራችን ላይ አስሮ ከአባቴ ጋር ብዙ ተነጋገረ፤ የሠርጉን ቀን ለመቁረጥም በሚቀጥለው ዓርብ ከገበያ ሲመለስ ሊመጣ፣ ሰንበትንም ከእኛ ጋር ሊውል ተስማሙ። ባል የሞተባትን ሴት የሚጠይቅ ብዙ አልነበረምና ቤታችን ደስ አለው። አክስቴን ደስ ያላት ግን የሙሽራው መንደር ከወንዙ ማዶ መሆኑ ነበር። «ሩቅ አይደለሁም፤ እየመጣሁ ጸጉርሽን እሠራሻለሁ» አለችኝ።

በዚያ ዓርብ አክስቴ ሁለት ጊዜ ጠለቀች፣ ሁለት ጊዜም ጠራችኝ፣ አይቼ መለስኩላት። ሦስተኛውን ስትጠራ ጸሎቱ መሀል ላይ ነበርኩ፤ ላቋርጠው አልወደድኩም፣ እጄንም ከዓይኔ ሳላነሣ «ማንም የለም!» አልኩ። ውሃው ገጠመ፣ ተከፈተ። ከዚያ ኮቴ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ቀይዋ በቅሎ ከታጠፈው መንገድ ወጥታ ቆማለች። የሙሽራው ወንድም እኛው በምንጠብቀው ሕግ፣ ሊታጠብ ነበር ወደ ወንዙ የመጣው። ዓይኑ ወንዙ ላይ አርፎ ነበርና ከወይራው ሥር እኔን አላየኝም። ጋቢውን በራሱ ላይ ጥሎ፣ በቅሎዋን አዙሮ በመጣበት ተመለሰ። ከኋላዬ ጩኸት ስላልሰማሁ አክስቴ አላየችውም ብዬ አሰብኩ።

ያን ማታ ለእንግዳው የተነጠፈው አጎዛ ባዶውን አደረ።

«መንገድ ላይ ሰው አላየሽም?» አለችኝ እናቴ።

«አላየሁም» አልኳት፤ ሲመጣ አላየሁትም ነበርና።

በሳምንቱ ጋብቻው እንደቀረ መልእክት ተላከ፣ ምክንያት አልተነገረም። ሰውየው ጠባቂ ሳታቆም መንገድ ዳር የምትጠልቅ ሴት ናት ብሎ ሳያስብ አይቀርም። ጠባቂ እንደነበራት፣ ጥፋቱም የጠባቂዋ እንደሆነ አባቴ ሄዶ ቢያስረዳው ኖሮ ነገሩ ሊቃና ይችል ነበር። ለዚያ እኔ መናገር ነበረብኝ። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ፣ አልተናገርኩም። በጥር አክስቴን የሦስት ቀን መንገድ ርቆ ለሚኖር፣ አራት ልጆች ላሉት ሰው ዳሯት። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

አሁን አውሮፕላን ማረፊያ የምትሠራው ልጄ ሥራ ከመግባቷ በፊት ገንዳው ጋ ታደርሰኛለች። «እማዬ፣ ስትጨርሺ ኮል አድርጊልኝ፣ ኦኬ?» ብላኝ ትሄዳለች። ሥራዬ ያው የጥንቱ ነው፤ ሴቶቹ ሲጠልቁና ሲወጡ ፎጣ በፊቴ ላይ ዘርግቼ እቆማለሁ። ከፎጣው ኋላ ግን ዓይኔን አልጨፍንም። እዚህ ወይራ የለም፣ መንገድም የለም፣ በሩ በቁልፍ ይዘጋል። ባለፈው ሳምንት ከእኛው ወገን የሆነች፣ እዚሁ የተወለደች ሙሽራ መጣች። ሁለት ጊዜ ጠልቃ ቆመች።

«እማማ፣ ሶ... ማንም የለም፣ አይደል?»

ፎጣውን አስቀምጬ ሄድኩ፣ የበሩን እጀታ ሞከርኩ፣ ከፍቼ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየሁ፣ ዘግቼ ተመለስኩ።

«ማንም የለም» አልኳት።

«ሎክ አድርገሽው ነበር እኮ! ማለቴ፣ ቅድም አይቼሻለሁ» ብላ ሳቀችብኝ።

ፎጣውን አንሥቼ በፊቴ ላይ ዘረጋሁት። አክስቴ በሄደችበት ጠዋት አባቴና እናቴ አጥሩ ጋ ቆመው ሲሸኟት፣ እኔ ማንም እንዳያየኝ ወይራው ሥር ሄጄ ተቀምጬ ነበር። እዚያ ስትደርስ ሸኚዎቹን አስቀድማ ከበቅሎዋ ወረደች፣ የተፈታውን ጸጉሬንም ከጆሮዬ ኋላ አደረገችልኝ።

«ያን ዕለት ከውሃው ስወጣ አየሁሽ» አለችኝ። «ክርኖችሽ ወዲያና ወዲህ ወጥተው ነበር። ዓይንሽን በእጅሽ ይዘሽ ነበር፣ አይደል?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ለማንም አልነገርኩም» አለች፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ሄደች።