ሁለተኛውን ግብዣ ስጠብቅ

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ቅዳሜን እፈራ ነበር። በዲቪ ከመጣሁ ጀምሮ ያስጠጋኝ አጎቴ ታክሲ ይነዳል፤ ዲኬተር በሚባል ከተማ ባለው አፓርታማው ውስጥ አብረን እንኖራለን ይባል እንጂ እኔ ስነሳ እሱ ወጥቷል፣ እሱ ሲገባ እኔ ተኝቻለሁ። ክፍል ውስጥም ሁሉም «ሃይ» ብሎኝ ያልፋል። ከዓርብ ክላስ እስከ ሰኞ ክላስ ድረስ ድምፄን ሳልሰማው የምከርምበት ጊዜ ነበር።

ስለዚህ ለሆስፒታል መርከብ ዕቃ የሚያሽጉ በጎ ፈቃደኞች ይፈለጋሉ የሚል ማስታወቂያ ሳይ ወዲያው ደወልኩ። መርከብ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ሰው ፍለጋ ነው።

የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ያኔ ገና ስም እንኳ አልወጣለትም ነበር። የነበሩት ኮንየርስ የሚባል ከተማ ውስጥ አንድ መጋዘን፣ አንድ አሮጌ ቫን፣ ሳቫና ወደብ ላይ ዝገቷ የሚፋቅ አንዲት የመንገደኞች መርከብና የዚህ ሁሉ ባለቤት የሆኑ ጡረተኛ ነርስ ናቸው። እኔ እንደ አገራችን ልማድ በልቤ «ሲስተር» እላቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ጣቢያው ድረስ መጥተው በቫኑ ይወስዱኛል።

የመርከቧን ነገር የነገሩኝ የቀዶ ጥገና መብራቶች በብርድ ልብስ ስንጠቀልል ነው። በወጣትነታቸው ምዕራብ አፍሪካ፣ አንድ የወደብ ከተማ ክሊኒክ ውስጥ ሠርተዋል። አንገቱ ላይ ዕጢ የወጣበት ዓሣ አጥማጅ በየጊዜው ይመጣ ነበር። ቀዶ ሐኪም ያለው በጣም ሩቅ ነው፤ ሰውየው እዚያ የሚደርስበት አቅም የለውም። በክሊኒኩ መስኮት ግን መርከቦች ሲገቡና ሲወጡ ይታያሉ። እያንዳንዷ መርከብ መብራት አላት፣ ንጹሕ ውሃ አላት፣ አልጋ አላት፤ የጎደላት ሐኪም ብቻ ነው ብለው ያሰቡት ያኔ ነበር። ዓሣ አጥማጁ ሞተ። ሐሳቡን ለሰው በነገሩ ቁጥር እየተሳቀባቸው ጡረታ ወጡና ቤታቸውን ሸጠው መርከቧን ገዙ።

ከዚያ ቀን በኋላ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ በዚያች መርከብ የመጀመሪያ ጉዞ ላይ መገኘት።

ሰመር፣ የትምህርት ዕረፍቱ፣ ሊገባ ሲል፣ ሲስተር የካርቶን አፍ እያሸጉ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ለጉዞው መርከቧ ላይ ወጥ ቤት የሚያግዝ ሰው እንፈልጋለን። አንድ አልጋ አለ። ትመጫለሽ?»

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን «ኧረ አይሆንም፣ አመሰግናለሁ፤ በእኔ አይቸገሩ» አለ። ያደግኩት እንዲህ ነው። ሰው ቤት «ብይ» ስባል ጠግቤአለሁ እላለሁ፤ ደግመው ሲሉኝ አመነታለሁ፤ ሦስተኛው ላይ እጄን እታጠባለሁ። ገና በመጀመሪያው ዘሎ እሺ የሚል ስግብግብ ይባላል።

ሲስተር «እሺ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አጠገባቸው እየተሽከረከርኩ ጠበቅኩ። ጥያቄውን አልደገሙትም። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ አልጋውን ደንዉዲ ከሚባል ከተማ የሚመጣ አንድ ተማሪ እንደወሰደው ሰማሁ።

አጎቴ እሑድ ዕረፍት ነበረውና ፊቴን አይቶ ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ስነግረው የያዘውን ሹካ አስቀምጦ ሳቀ።

«እና ፈረንጇ ‹አፈር ስሆን፣ በሞቴ› እንድትልሽ ነው የጠበቅሽው?»

«ቢያንስ ሁለቴ ይጠይቁኛል ብዬ ነው።»

«እኔ ኤርፖርት መጀመሪያ ስቆም ተሳፋሪ ቲፕ ሲሰጠኝ ‹ኧረ ይተዉት› እል ነበር። መልሶ ኪሱ ይከተዋል! ሂጂ ንገሪያት።»

ሄጄ ነገርኳቸው። ልማዱን በእንግሊዝኛ ሳስረዳ ሞኝነት ሆኖ ተሰማኝ። ሲስተር የማሸጊያውን ፕላስተር አስቀምጠው እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ስንት ጊዜ ነው መጠየቅ የነበረብኝ?»

«ሦስት።»

አልሳቁም። አልጋው ተይዟል፣ ልጁን ቅር ላሰኘው አልችልም አሉኝ። ፕላስተሩን መልሰው አነሱና፣ እሳቸው ባሕር ላይ ሳሉ መጋዘኑን የሚጠብቅ፣ የሚመጣውን ዕቃ የሚረከብ ሰው እንደሌላቸው ነገሩኝ። «ትሠሪልኛለሽ?» ሲሉ ሳላመነታ፣ ሳላስብ እሺ አልኩ።

መርከቧ ስትነሳ አላየሁም። ሰመሩን ኮንየርስ ውስጥ፣ ድምፅ በሚያስተጋባ ባዶ መጋዘን አሳለፍኩ። ምሳዬን የምበላው በሩ ላይ ነው፤ በመንገዱ ትላልቅ መኪናዎች ብቻ ያልፋሉ። አንዳንዴ ባሕሩ ላይ አሁን ስንት ሰዓት ይሆን ብዬ አስባለሁ፤ የምጠይቀው ሰው ግን የለም።

አንድ ቀን አንድ ሾፌር አሮጌ የሆስፒታል አልጋዎች ይዞ መጣ። አንድ በአንድ አውርዶ በሩ ላይ ደረደራቸውና ዙሪያውን አየ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ» አልኩት። ወደ መኪናው ሊመለስ ዞሮ ነበር። ላግዝሽ እስኪለኝ ሳልጠብቅ «እስኪ የአልጋውን ያንን ጫፍ ያዝልኝ» አልኩት።