ተጠባባቂው በረኛ

ደሴ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ኳስ እያየን ነው። ቴሌቪዥኑ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ተጠባባቂ በረኛ ሲያሳይ፣ አጠገቤ ያለው ወጣት «ይሄ ደግሞ ቁጭ ብሎ ደሞዝ ይበላል» ብሎ ሳቀ።

አባቴም ተጠባባቂ በረኛ ነበር፤ በዘጠናዎቹ፣ ኮምቦልቻ፣ በሸማኔነት በሚሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ውስጥ። የሚያስገቡት ለመለያ ምት ብቻ ስለነበር የክፍሌ ልጆች ያሾፉብኝ ነበር። አንድ ቀን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከተቀመጠበት ወንበር ጀርባ ቆሜ «አባባ፣ ለምን አያስገቡህም?» አልኩት። ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሳ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ልጄ» አለኝ።

አንድ ለአንድ እንደሆኑ የመጨረሻው ደቂቃ ላይ ለመለያ ምቱ ተጠራ። የማሽን ዘይትና ጥጥ የሚሸተውን ጃኬቱን አስታቅፎኝ ገባ። ሁለት ምት አዳነ፤ አሸነፉ። ወደ ቤት ስንመለስ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ እንዴት እንዳወቀ ጠየቅሁት።

«ክር ሊበጠስ ሲል ቀድሞ ይሳሳል፤ ማሽኑ ላይ ስጠብቅ የምውለው እሱን ነው። መቺም ወዴት እንደሚልካት ትከሻው ቀድሞ ይናገራል። ወላሂ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ትከሻቸውን ሳይ ነበር።»

ጃኬቱን ለብሼ፣ እጅጌው መሬት እየጠረገ፣ በክፍሌ ልጆች መሀል ቀና ብዬ አለፍኩ።

ወደ ወጣቱ ዞርኩ።

«ሰውየው ሥራ ላይ ነው» አልኩት።