ሽማግሌ የገባበት አሰላለፍ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ አሰላ ውስጥ ኳስ የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል። ያን ሳምንት ግን ማንንም አልተቆጣሁም። ለመቆጣትም ትንሽ ተስፋ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አልነበረኝም።

የሠፈራችንን ቡድን ማሠልጠን ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። የዚያ ዓመት የመጨረሻ ጨዋታችን ዴራ ላይ ነበር። አቻ ከወጣን በምድባችን እንቆያለን፤ ከተሸነፍን እንወርዳለን። ከወረድን ደግሞ ማሊያና ትራንስፖርት የሚችሉልን ነጋዴዎች ከእንግዲህ በቃን ብለውናል፣ ቡድን የሚባል ነገር የለም። የምፈልገው አንዲት ነጥብ ብቻ ነበር። ዴራ እንደኛ ብርድ የለም፣ ፀሐዩ ናላ ያዞራል። የኛ ልጆች በማለዳ ጭጋግ ውስጥ የሚሠለጥኑ ናቸው፤ ቆላ ሲወርዱ ከዕረፍት በኋላ እግራቸው ይታሰራል። ይህን ስለማውቅ የሁልጊዜው ሻይ ቤቴ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ ቆርኪ ደረደርኩ፤ የቢራው ቆርኪ የኛ፣ የለስላሳው የነሱ። አምስት ተከላካይ፣ አራት አማካይ፣ ፊት ላይ አንድ አጥቂ። ኳሷን ወደ ውጭ እያባረርን፣ እየወደቅን፣ ሰዓት እየገደልን ነጥባችንን ይዘን እንመለሳለን። ያምራል አላልኩም።

ችግሩ አጥቂው ማን ይሁን የሚለው ላይ ነበር። ሁለት ነበሩኝ፤ አንድ አጥር የሚለያቸው ጎረቤታሞች። ከወራት በፊት ፍፁም ቅጣት ምት አገኘንና እኔ ልምታ፣ እኔ ልምታ ተባብለው በሰው ፊት ኳሷን ተናጠቁ። አንደኛው ነጥቆ ሰማይ ላይ ሰቀላት። ሌላኛው መጥቶ በቦክስ አለው። በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እናቶቻቸው ሰላምታ አቆሙ፤ አንዱ ቤት ለቅሶ ሲሆን የሌላው ቤተሰብ ሳይደርስ ቀረ። ለቅሶ መቅረት እኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሽማግሌ ገባ።

ሽማግሌዎቹ አስታረቋቸው፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ደግ አደረጉ። ልጆቹ ተሳሳሙ፣ እናቶቹም ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ግን ሽማግሌዎቹ ቀጥ ብለው እኔ ያለሁበት ሻይ ቤት መጡ። ዋናው ሽማግሌ አባቴን አፈር ያለበሱ ሰው ናቸው፤ ቀና ብዬ እንኳ አላያቸውም። ጠረጴዛዬን ሲያዩ ቆዩና ፊት ላይ ያለው ብቸኛ ቆርኪ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሌላኛውስ አሉ። ተጠባባቂ ነው አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። አንዱ ገብቶ አንዱ ከተቀመጠ የተቀመጠው ቤተሰብ ተናቅን ይላል፣ ይሄ ሁሉ የደከምንበት እርቅ ውሃ በላው ማለት ነው አሉኝ። እኔም ስለ ዴራ ፀሐይ፣ መሐሉ ሲሳሳ ምን እንደሚደርስብን፣ ቆርኪ እያነሳሁ እየጣልኩ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ሲሰሙ ጎበዞች ናቸው።

«ልጄ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይቁሙ፤ ሰው ይያቸው» አሉና በከዘራቸው ጫፍ ከመሐል ሜዳ አንድ ቆርኪ ገፍተው ከአጥቂው አጠገብ አቆሙት።

ያ የተነሳው ቆርኪ፣ ጋሪ የሚነዳው አማካዬ ቦታ ነበር። የሌሎቹን ስህተት ሁሉ እየሮጠ የሚሸፍን፣ የማይነጫነጭ ልጅ። «ቶሌ፣ አባባ» አልኩ። እሺ ከማለት ሌላ ምን ልል እችላለሁ?

ዴራ ወረድን። ሽማግሌዎቹም ሚኒባሱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አብረውን መጡ፤ ሜዳው ዳር ግራር ጥላ ሥር ቦታ ተሰጣቸው። ጋሪ ነጂው እኔ አጠገብ ተቀመጠ፤ ለምን እንዳልገባ አልጠየቀኝም። እስከ ዕረፍት ዜሮ ለዜሮ ቆየን። እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ትንሽ ተስፋ አደረግሁ። ከዕረፍት በኋላ የፈራሁት መጣ። አማካዮቼ ምላሳቸው ወጣ፣ መሐሉ ወና ሆነ። በረኛችን አንዴ በእጁ፣ አንዴ በደረቱ እየመለሰ አቆየን።

ሊያልቅ ሲል አንዲት ኳስ አምልጣ ያኔ በቦክስ ለመታው አጥቂያችን ደረሰችው። ፊቱ ያለው በረኛው ብቻ ነው። ምታ እያልኩ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። እሱ ግን ወደ ጎን ዞር ብሎ ለታረቀው ጓደኛው ሰጠው። ያኛው ቢመታት ገብታለች። ይሉኝታ ያዘውና መልሶ ሰጠው። ይህኛው ደግሞ እንደገና፤ ገበታ ላይ እንደሚጎራረሱ ሰዎች። በዚህ መሐል የዴራው ተከላካይ ደርሶ ኳሷን ወሰዳት፣ አርቆ ለጋት፣ ሰው በሌለበት በመሐላችን አልፈው ሄደው አገቡብን።

ዞሬ ሽማግሌዎቹን አየሁ። ኳሷ የት እንደገባች ያስተዋሉም አይመስለኝም። ዋናው ሽማግሌ ፊታቸው በርቷል።

«አየህ?» አሉኝ፤ «ሰጠው እኮ!»

 ጨዋታው በዚያው አለቀ፣ ከምድባችን ወረድን፤ እርቁ ግን እውነተኛ እርቅ ነበር፣ ይህንን እንዴት ብዬ እቆጣለሁ? በመልሱ ጉዞ ሁለቱ አጥቂዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ከአንድ ኮዳ ውሃ ጠጡ። ወደ አሰላ ሽቅብ ስንወጣ ብርዱ ተቀበለን፣ ሁሉም ጃኬቱን ለበሰ። ጋሪ ነጂው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣

«ኮች፣ ሰኞ ልምምድ አለ?» አለኝ።

አለ አልኩት። የለም የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ነጋዴዎቹ በቃን አሉ የሚለው ወሬ እሑድን ሳይሻገር ሠፈሩን አዳረሰው። ሰኞ ጠዋት ጭጋጉ ውስጥ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ፈረሱን አጥሩ ላይ አስሮ እሱ ብቻ መጣ። ማሊያውን ለብሶ ፊቴ ቆመና የት ልሁን ብሎ ጠየቀኝ። ለሁለት ሰው የሚሆን አሰላለፍ አላውቅም።