ሻኛ ያለው ድኩላ

ከዊንጌት ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚታዩት የስጋ ቤት የበሬ ሥዕሎች ሁሉ የበዳሳ እጅ ሥራ ናቸው። ሻኛቸው ያበጠ፣ ቆዳቸው የሚያብለጨልጭ፣ ሁሉም ወደ ግራ የዞሩ። ለምን ወደ ግራ እንደዞሩ እኔ አውቃለሁ፤ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። በአማርኛ መማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ የነበረው በሬ ወደ ግራ ዞሮ ነበር የቆመው። በዳሳ ያንን በሬ በእርሳስ ሲገለብጥ አደገ፤ ጸጉሩ ሸብቶም ከዚያው በሬ አልተላቀቀም።

አምና የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ወይዘሮ ሔለን አስጠሩት። ልጆቹ ወንጭፍ ይዘው ከእንጦጦ ጫካ የሚወርደውን አውሬና ወፍ እያሳደዱ አስቸግረዋቸው ኖሯል። “የጫካውን እንስሳት አጥሩ ላይ ይሣሉልን፤ ልጆቹ እያዩ ይውደዷቸው” አሉት። በዳሳ ደስታውን ሊነግረኝ ቤቴ ድረስ መጣ።

በማግስቱ ግን ፊቱ ጠቁሮ አገኘሁት። ከበሩ በስተቀኝ ያለውን ግንብ ለእሱ፣ በስተግራ ያለውን ለሮዳስ ሰጥተዋል። ሮዳስ የጎረቤቱ የጸሐይ ልጅ ናት፤ ሥዕል ተምራ ገና መመረቋ ነው። ከጀርባ ያለውን ረጅሙን አጥር የሚሥለው ደግሞ ልጆቹ ሥዕሉን የወደዱለት ሰው ነው ተብሏል።

“እኔ ቀለም ስበጠብጥ እሷ ጡት ትጠባ ነበር እኮ!” አለኝ።

በዳሳ ድኩላ ሣለ። ትልቅ፣ ሙሉ፣ ወደ ግራ የዞረ። እጁ ለምዶበት ሻኛም አወጣለት። ቀለሙ ሳይደርቅ አንዲት እናት ቆም ብለው “እዚህ ደግሞ ስጋ ቤት ሊከፈት ነው? ኪሎው ስንት ይሆን?” ሲሉ፣ ሮዳስ ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን ወደ ግንቡ አዞረች። በዳሳ አይቷታል።

እሷ የሣለችው ሚዳቋ ነበር። ከቅጠል መሀል አንድ ጆሮና አንድ ዓይን ብቻ ብቅ ብሏል።

“ግማሿን የት አደረግሻት? ቀለም አለቀብሽ?” አላት።

“ፈርታ ነው ጋሽ በዳሳ። ሰው መጣባት።”

ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንዴ “ቅጠል መሣል ማን ያቅተዋል?” ይለኛል፤ አንዴ ደግሞ “በቃ፣ እናቷና ርእሰ መምህርቷ ይተዋወቃሉ” ይላል። በሚዳቋዋ በኩል ላለማለፍ ሲል ወደ ሥራው በላይኛው መንገድ ዞሮ መሄድ ጀመረ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ቀና ይልና “የሷ ቀለም እንኳን ውሃ አይችልም” ይላል፣ ተስፋ ባለው ድምፅ። ክረምቱ ግን ሚዳቋዋን አጥቦ ጭራሽ አሳመራት።

ነገሩን የቆረጡት ልጆቹ ናቸው። አንድ ቀን ከትምህርት ሲለቀቁ እኔና እሱ ከአጥሩ ማዶ ቆመን ነበር። ወንጭፋቸውን አወጡና ድኩላውን በድንጋይ ይወግሩት ጀመር። “ሻኛውን! ሻኛውን የሚመታ!” ይባባላሉ። ሚዳቋዋ ፊት ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። አንዲቱ ልጅ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ “ቀስ በሉ፣ ትሮጣለች!” አለች።

የጀርባው አጥር ለሮዳስ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ጠዋት ሳልፍ መሰላል ላይ ወጥቶ አገኘሁት። አረንጓዴ ቀለም በጣሳ ይዞ ድኩላውን በቅጠል ይሸፍናል። ጀርባው የለም፤ ያ ሻኛም የለም። የቀረው አንድ ቀንድና አንድ ዓይን ነው፤ ዓይኑም ወደ ግራ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ መንገደኛው ያያል። ሮዳስ ብሩሿን እንደያዘች ከጀርባው አጥር መጥታ ቆመች።

“ምነው ጋሽ በዳሳ፣ ግማሹን የት አደረሱት?”

“ሰው መጣበት” አላት፣ ሳይዞር።

ፈገግ ብላ ተመለሰች። እሱ ጥጉን እስክትታጠፍ ጠብቆ ከመሰላሉ ላይ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

“እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ቅጠሉ የኔ አይበልጥም?”